ከዐምዱ አጠገብ የቆመችው ዘፋኝ
(ስለ ሊና ሆርን ሕይወትና ሥራ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)




ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት የሆሊውድ የሙዚቃ ፊልም ተዋናይ ሕይወትና ሥራ ነው። «ይህን ያህል ቁም ነገር ሞልቶ ሳለ ስለ ሲኒማ ዘፋኝ ምን ይወራል?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ግን ታሪኳ ራሱ ይሰጠው ዘንድ እተወዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

ሊና ሆርን በ1940ዎቹ ዓመታት ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር የተባለው ታላቅ የፊልም ኩባንያ በሠራቸው ብዙ የሙዚቃ ፊልሞች ላይ ትታያለች። እነዚህን ፊልሞች አስተውሎ የተመለከተ ሰው አንድ እንግዳ ነገር ያገኛል። ታሪኩ በመካሄድ ላይ ሳለ መጋረጃ ይከፈታል፤ አንዲት እጅግ የተዋበች ጥቁር ሴት ረዥም ቀሚስ ለብሳ ብቻዋን ቆማ ትታያለች፤ አንዳንድ ጊዜም ዐምድ ተደግፋለች። አንድ ወይም ሁለት ዘፈን ትዘፍናለች፤ ከዚያም ትጠፋለች። ከፊልሙ ሰዎች ጋራ አትነጋገርም ማለት ይቻላል፤ የምትወደው ወይም የምትጣላው የላትም፤ ከየት እንደ መጣች፣ ወዴትስ እንደ ሄደች አይነገርም። ለምን? ንግግሬ በሙሉ ለዚህች አጭር ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው።

ሊና ሆርን ጁን 30 ቀን 1917 በኒውዮርክ ከተማ ብሩክሊን በሚባለው ክፍል ተወለደች። ቤተ ሰቧ ትምህርት የቀመሰና የማያስከፋ ኑሮ ያለው ነበር። በተለይ የአባቷ እናት ኮራ ሆርን ለጥቁሮችና ለሴቶች መብት በሚታገሉት ማኅበሮች ዘንድ የታወቀች ሴት ነበረች። ሊና የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለች፣ በ1919፣ ለጥቁሮች መብት የሚከራከረው ብሔራዊ ማኅበር ከታናናሾቹ አባሎቹ አንዷ ናት ብሎ ፎቶግራፏን በጋዜጣው አውጥቶታል። እንግዲህ ልጅቱ ከዘፈን በፊት የተዋወቀችው ከሙግት ጋራ ነው ማለት ነው።

የልጅነት ኑሮዋ ግን የተደላደለ አልነበረም። ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናት አባቷ ቤቱን ትቶ ሄደ። እናቷ የቴአትር ሙያ ስባት ከተጓዥ ቡድን ጋራ ትዞር ስለ ነበር፣ ሊና አንድ ጊዜ ከአያቷ ዘንድ፣ አንድ ጊዜ በደቡብ ክፍላተ ሀገር በዘመድና በባዕድ ቤት እየተዘዋወረች አደገች። ትምህርቷንም ሳትፈጽም አቋረጠች። በ1933፣ በ16 ዓመቷ፣ ኮተን ክለብ በተባለው የታወቀ የሌሊት ዳንስ ቤት ከአጃቢ ዳንሰኞች አንዷ ሆና ተቀጠረች።

ስለዚህ ቤት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ኮተን ክለብ የሚገኘው የኒውዮርክ ጥቁሮች በሚኖሩበት በሃርለም ሰፈር ነበር። በመድረኩ ላይ የሚዘፍኑትና የሚጨፍሩት፣ መጠጡንም የሚያቀርቡት ጥቁሮች ናቸው፤ ከወንበር ተቀምጠው የሚያጨበጭቡት ነጮች ናቸው። የሰፈሩ ሰው በገዛ ሰፈሩ ያለውን ቤት ከደጅ ሆኖ ያየዋል። ሊና ሙያዋን የጀመረችው እዚህ ላይ ነው። «ጥበብህን እንወዳለን፤ አንተ ግን ከእኛ ጋራ አትቀመጥም» የሚለውን ሕግ በ16 ዓመቷ ተማረችው።

ከዚያ በኋላ ከኖብል ሲስል ኦርኬስትራ ጋራ ዘፈነች። በ1937 አግብታ ሁለት ልጆች ወለደች፤ ትዳሩ ግን አልሰመረም። በ1940 ገደማ የቻርሊ ባርኔት የነጮች ኦርኬስትራ ዘፋኝ ሆነች። ከነጮች ጋራ መዝፈን ተፈቀደላት እንጂ፣ ባንዱ በሚጓዝበት አገር ያሉ ብዙ ሆቴሎች ከነጮች ጋራ ማደሩን አልፈቀዱላትም። በ1941 በኒውዮርክ «ካፌ ሶሳይቲ» ተቀጠረች። ይህ ቤት ጥቁርና ነጭ ሳይለይ እንግዶቹን አንድ ላይ በማስቀመጡ በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር። ከታላቁ ዘፋኝና የመብት ተከራካሪ ከፖል ሮብሰን ጋራ ወዳጅነቷ የጠነከረውም በዚሁ ጊዜ ነው። ይህ ወዳጅነት ኋላ ብዙ ዋጋ ያስከፍላታል።

በ1942 ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ኮንትራት አስፈረማት። ከታላላቆቹ ኩባንያዎች ጋራ የብዙ ዓመት ኮንትራት ከተፈራረሙት የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ተዋንያን አንዷ ሆነች። የነገሩን ክብደት ለመረዳት በዚያ ጊዜ ጥቁር ተዋናይ በሆሊውድ የነበረውን ቦታ ማስታወስ ይገባል። ወንዱ አሽከር ወይም የባቡር ዕቃ ተሸካሚ ነው፤ ሴቲቱ ገረድ ናት። ሃቲ ማክዳንኤል በ1940 የኦስካር ሽልማት ስታገኝ በጥቁሮች ታሪክ የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ያሸለማትም የገረድ ክፍል ነው፤ በሽልማቱም ማታ ከጓደኞቿ ተለይታ ለብቻዋ በተዘጋጀ ጠረጴዛ ተቀምጣ ነበር።

የሊና አባት ይህን ያውቃል። ስለዚህ ወደ ኩባንያው ሹም ወደ ሉዊስ ሜየር ቢሮ ከልጁ ጋራ ገባና፣ ልጄ የሰው ገረድ ሆና የምትታይበት ምክንያት አይታየኝም፤ እኔ ራሴ ለእርሷ ገረድ ልቀጥርላት እችላለሁ የሚል ነገር በትሕትና ተናገረ። የመብት ማኅበሩ መሪ ዋልተር ዋይትም ይህንኑ ደገፈ። ሊና የገረድ ክፍል እንዳትጫወት ተስማሙ።

ታዲያ ደስታው ሙሉ አልነበረም። በሆሊውድ ይኖሩ ከነበሩት ጥቁር ተዋንያን አንዳንዶቹ ተቈጧት። ክፉም ሆነ ደግ፣ እንጀራቸው ያ የገረድና የአሽከር ክፍል ነበርና «ይህች ልጅ ያለውንም ታስቀርብናለች» ብለው ፈሩ። በዚህ ጊዜ ቤቷ ጠርታ ያጽናናቻት በገረድ ክፍል የተሸለመችው ሃቲ ማክዳንኤል ነበረች። ይህን ነገር የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። የተራበ ሰው የሚጣላው ብዙ ጊዜ ጐተራውን ከቈለፈው ጋራ ሳይሆን ከጎኑ ከተቀመጠው ጋራ መሆኑን ያሳያልና ነው።

በ1943 ሊናን ለታላቅ ስም ያበቋት ሁለት ፊልሞች ወጡ። አንደኛው ቪንሰንት ሚኔሊ ያዘጋጀው «ካቢን ኢን ዘ ስካይ» ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ትዌንቲየዝ ሴንቹሪ ፎክስ የሠራው «ስቶርሚ ዌዘር» ነው፤ ትርጓሜውም «ወጀብ ያለበት አየር» ማለት ነው። የሁለቱም ተዋንያን ጥቁሮች ናቸው። በሁለተኛው ፊልም ፋትስ ዎለር ፒያኖ ይመታል፤ ካብ ካሎዌይ ይዘፍናል፤ የኒኮላስ ወንድማማች በደረጃ ላይ እየዘለሉ ይጨፍራሉ። የሊና ፍቅረኛ ሆኖ የተጫወተው ቢል ሮቢንሰን በ39 ዓመት ይበልጣት ነበር። የፊልሙን ስም የያዘው ዘፈን በ1933 በኮተን ክለብ በኤተል ዋተርስ ድምፅ የታወቀ ነበር፤ ከዚህ ፊልም በኋላ ግን የሊና ሆርን ገንዘብ ሆነ።

በእነዚህ ሁለት ፊልሞች ሊና ሰው ናት። ስም አላት፤ ትናገራለች፤ ትወዳለች፤ ትጣላለች። ተመልካቹ ከዚህ በኋላ ከዚህ የበለጠ ክፍል ይሰጣታል ብሎ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን የሆነው ተቃራኒው ነው። ከዚያ ወዲያ በፊልም ውስጥ ከበድ ያለ የንግግር ክፍል አግኝታ የተጫወተችው በ1969 «ዴዝ ኦፍ ኤ ጋንፋይተር» በተባለው ፊልም ነው። በመካከሉ 26 ዓመት አለ።

አሁን ወደ ዐምዱ እንመለስ። በ1915 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊልም ንግድ ነው እንጂ የንግግር ነጻነት የሚጠብቀው ሐሳብ አይደለም ብሎ ፈረደ፤ ይህ ፍርድ የተሻረው በ1952 ነው። በእነዚያ 37 ዓመታት ውስጥ ልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገርና ከተሞች የየራሳቸው የሳንሱር ጉባኤ ነበራቸው። በደቡብ ያሉ ሳንሱሮችና የሲኒማ ቤት ጌቶች ጥቁር ሰው ከነጭ ጋራ በእኩልነት ሲታይ አይፈቅዱም። በሜምፊስ ከተማ ሎይድ ቢንፎርድ የሚባል የሳንሱር ሹም ከ1928 ጀምሮ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ መቀሱን ይዞ ተቀምጦ ነበር። ሊና ሆርን የምትታይበት ጥቅል ፊልም ወደዚያ ሲደርስ እርሷ ያለችበት ተቈርጦ ይወጣል፤ ሁለቱ ጫፎች ይጣበቃሉ፤ ትዕይንቱ ይቀጥላል።

እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የመቀሱ ይመስላል። ነገር ግን ኩባንያው ይህን አስቀድሞ ያውቃል፤ ፊልሙም በሰሜንም በደቡብም እንዲሸጥለት ይፈልጋል። ስለዚህ ታሪኩ ሲጻፍ፣ ትዕይንቱም ሲዘጋጅ፣ ሊና ሆርን ብትቈረጥ ምንም ቀዳዳ እንዳይታይ ተደርጎ ይዘጋጃል። ከማንም ጋራ የማትነጋገረው፣ ብትነጋገር ኖሮ መልስ የሰጣት ነጭ ተዋናይም አብሮ ሊቈረጥ ነው። ታሪኩ ውስጥ የማትገባው፣ ብትገባ ኖሮ ከወጣች በኋላ ታሪኩ ትርጉም ሊያጣ ነው። አበው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ፤ ብቻውን የተዘረጋ ክር ግን ለመቀስ ይመቻል። እነሆ የጥያቄያችን መልስ ይህ ነው። መቀሱ ሜምፊስ ከመድረሱ አስቀድሞ ሆሊውድ ውስጥ፣ በጸሐፊው ብዕር ላይ ነበረ። ሊና ራሷ ስለዚያ ዘመን ስትናገር ራሷን በመርፌ ከዐምድ ላይ ከተሰካች ቢራቢሮ ጋራ አመሳስላለች።

መልኳም ቢሆን ለኩባንያው ችግር ነበር። ቀይ ስለ ነበረች በፊልም ላይ ነጭ እንዳትመስል ተብሎ የማክስ ፋክተር ቤት የሚያጠቁር የፊት ቅባት ተዘጋጀላት፤ ስሙም «ላይት ኢጂፕሺያን»፣ ማለት «ፈካ ያለ ግብጻዊ» ይባል ነበር። እርሷ ደጋግማ እንደ ተናገረችው፣ ይኸው ቅባት ኋላ የክልስ ወይም የጥቁር ሴት ክፍል ለሚጫወቱ ነጭ ተዋንያት ፊት ዋለ። ለእርሷ ተብሎ የተቀመመው ቀለም የእርሷን እንጀራ ለሌላ ሰጠ ማለት ነው።

ይህ ነገር በግልጽ የታየው በ«ሾው ቦት» ነው። በዚህ የታወቀ የሙዚቃ ድርሰት ውስጥ ጁሊ የምትባል፣ ከጥቁር ዘር መወለዷን ደብቃ ነጭ ያገባች ዘፋኝ አለች። በ1946 በወጣው «ቲል ዘ ክላውድስ ሮል ባይ» በተባለው ፊልም ከዚህ ድርሰት አንድ ቍራጭ ሲታይ ጁሊ ሆና የዘፈነችው ሊና ነበረች። ኩባንያው በ1951 ድርሰቱን በሙሉ ፊልም ሲያደርገው ግን ክፍሉ ለነጯ ለኤቫ ጋርድነር ተሰጠ። በነጭና በጥቁር መካከል ያለ ፍቅር እንዳይታይ የሚከለክለው የፊልም ሥነ ሥርዓት ደንብ ገና በሥራ ላይ ነበረ። ኤቫ ጋርድነር ለሊና ወዳጅ እንጂ ጠላት አልነበረችም፤ የዘፈን ባለሙያ ግን ስላልነበረች በፊልሙ ላይ የሚሰማው ድምፅ አኔት ዋረን የምትባል የሌላ ዘፋኝ ነው። እንግዲህ ሒሳቡን አስቡት፤ አንዲት መዝፈን የምትችል ጥቁር ሴት እንዳትታይ፣ የአንዲቱን ነጭ መልክ ከሌላይቱ ነጭ ድምፅ ጋራ መስፋት አስፈለገ።

«ታዲያ ዝም ብላ ተቀበለችው?» የሚል ይኖራል። አልተቀበለችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወታደሮች ለመዝፈን በየጦር ሰፈሩ ትዞር ነበር። በአንድ ሰፈር የተማረኩ ጀርመኖች ከፊት ተቀምጠው፣ ጥቁሮቹ የአሜሪካ ወታደሮች ግን ከኋላቸው መቀመጣቸውን አየች። ከመድረኩ ወርዳ፣ ጀርመኖቹን በጀርባዋ ትታ፣ በጥቁሮቹ ወታደሮች ፊት ቆማ ዘፈነችላቸው። ከዚያም ጕዞውን ካዘጋጀው ድርጅት ተለይታ በገዛ ገንዘቧ ለጥቁር ወታደሮች ትዘፍን ጀመር።

በ1947 የኩባንያውን የሙዚቃ መሪ፣ ነጩን ሌኒ ሄይተንን ፓሪስ ላይ አገባች። በካሊፎርኒያ ሕግ እንዲህ ያለው ጋብቻ እስከ 1948 የተከለከለ ስለ ነበረ፣ ሁለቱ ባልና ሚስት መሆናቸውን እስከ 1950 አልገለጡም። በዚሁ በ1950 ደግሞ «ሬድ ቻነልስ» የተባለው መጽሐፍ የኮሙኒስት ወዳጆች ናቸው ያላቸውን 151 የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሰዎች ስም ሲያወጣ የሊና ስም በውስጡ ተገኘ። ከፖል ሮብሰን ጋራ የነበራት ወዳጅነትና ለመብት የሠራችው ሥራ በደል ሆኖ ተቈጠረባት። ፊልምና ቴሌቪዥን ለዓመታት ተዘጉባት።

የተረፋት የሌሊት ክበብ መድረክ ነበር። እዚያም ላይ ወጥታ ከዘመኗ ዘፋኞች ሁሉ ከፍ ካሉት አንዷ ሆነች። በ1957 በዎልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ስትዘፍን የተቀረጸው ሸክላ እጅግ ተሸጠ፤ በዚያው ዓመት በብሮድዌይ «ጃማይካ» የተባለው የሙዚቃ ቴአትር ዋና ተዋናይ ሆነች። በዚህ መድረክ ላይ ሳንሱር የለም፤ አንድ ጊዜ ከአፏ የወጣውን ድምፅ ማንም በመቀስ አይደርስበትም።

በ1963 ዓ.ም. ሜይ 24 ከደራሲው ከጄምስ ቦልድዊንና ከሌሎች ጋራ ሆና የፍትሕ ሚኒስትሩን ሮበርት ኬኔዲን ኒውዮርክ ላይ አነጋገረች። ጁን 7 ቀን በሚሲሲፒ ጃክሰን ከተማ ከሜድጋር ኤቨርስ ጋራ በሕዝብ ስብሰባ ላይ ተገኘች፤ ከአምስት ቀን በኋላ ኤቨርስ በቤቱ ደጃፍ በጥይት ተገደለ። ኦገስት 28 ቀን በዋሽንግተኑ ታላቅ ሰልፍ ላይ ነበረች። ፎቶግራፏ በሁለት ዓመቷ በመብት ማኅበር ጋዜጣ የወጣው ሕፃን፣ በ46 ዓመቷ የአያቷን መንገድ ስትሄድ ተገኘች።

ከዚያ የመከራ ዘመን መጣ። በ1970 አባቷና ልጇ፣ በ1971 ባሏ ሞቱ። ብዙ ሰው ከእንግዲህ አትመለስም ብሎ ነበር። በሜይ 1981 ግን፣ 64 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፣ በብሮድዌይ «ሊና ሆርን፤ ወይዘሮዋና ሙዚቃዋ» የሚል ትርጓሜ ያለውን የብቻዋን ትዕይንት ከፈተች። 333 ጊዜ ታየ፤ ልዩ የቶኒ ሽልማትም አሰጣት።

በዚህ ትዕይንት ውስጥ አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባናል። ያንን የ1943ቱን ዘፈን በአንድ ማታ ሁለት ጊዜ ትዘፍነው ነበር። በመጀመሪያ ሆሊውድ እንዳስተማራት፣ በተለሳለሰና በተቈጠበ ድምፅ ትዘፍነዋለች። ወደ መጨረሻው ደግሞ ያንኑ ዘፈን ልጅ እንደ ቀበረች፣ ባል እንደ ቀበረች፣ እንደ ተባረረችና እንደ ተመለሰች ሴት ከሆዷ አውጥታ ትዘፍነዋለች። ዜማው አንድ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ግን 38 ዓመት ነው። ስለ ጥበብና ስለ ኑሮ ዝምድና ብዙ የሚናገሩ መጻሕፍት አሉ፤ ይህን ያህል በአጭሩ የሚናገር ግን ጥቂት ይመስለኛል።

በ1943 በ«ካቢን ኢን ዘ ስካይ» ውስጥ በሳሙና አረፋ ተቀምጣ የዘፈነችው ክፍል ጥቁር ሴት እንዲህ ሆና መታየቷ ነውር ነው ተብሎ ፊልሙ ሳይወጣ ተቈርጦ ነበር። በ1994 «ዛትስ ኢንተርቴይንመንት» የተባለው ፊልም ሦስተኛ ክፍል ሲወጣ ኩባንያው ያንን ቍራጭ አሳየ፤ ለተመልካቹ ታሪኩን የምትነግረውም ሊና ራሷ ነበረች። ሜይ 9 ቀን 2010 በ92 ዓመቷ ኒውዮርክ ላይ ዐረፈች። በ2022 ከብሮድዌይ ቲያትር ቤቶች አንዱ በስሟ ተሰየመ፤ በዚያ ሰፈር በጥቁር ሴት ስም የተጠራ የመጀመሪያው ነው።

ለእኛ ለተማሪዎች አንድ ተጨማሪ ቃል አለኝ። ሊና ትምህርቷን ስላልጨረሰች የክብር ዶክትሬት የሚሰጧትን ዩኒቨርሲቲዎች እንቢ ስትል ኖራ፣ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን ከዕድሜዋ በኋላ ተቀበለች፤ ያን ጊዜ ከኑሮ ትምህርት ቤት መመረቋን ዐውቃ ነበርና።

አንዳንድ ሰዎች ግን «ቆንጆ ነበረች፤ ገንዘብ አገኘች፤ ከሌሎቹ የተሻለ ተሰጣት፤ ምን ጐደለባት?» ይላሉ። ይህ አስተያየት ከሐሰት የራቀ ስለ ሆነ በቸልታ አይታለፍም። በእውነት ከሌሎቹ ጥቁር ተዋንያን የበለጠ ተሰጥቷታል። ነገር ግን የተሰጣት ቦታ ከመነሻው እንድትነሣበት ሆኖ የተሠራ ነበር። ገረዲቱ በፊልሙ ውስጥ ብትናቅም ታሪኩ ውስጥ አለች፤ በሩን የሚከፍት ሰው ያስፈልጋልና። ሊና ግን ጌጥ ናት፤ ጌጥ ደግሞ ቢወልቅ ቤቱ አይፈርስም። ከመናቅ የማይሻል መከበር እንዳለ ከዚህ እንማራለን።

ስለዚህ ወደ ሲኒማ ቤት ስንገባ፣ መጽሐፍ ስናነብ፣ በስብሰባም ስንቀመጥ አንድ ጥያቄ ይዘን እንግባ። ከፊት ቆሞ የሚጨበጨብለት ይህ ሰው ንግግር አለውን? የሚመልስለትስ አለን? ነገ ቢነሣ ቀዳዳው ይታያልን? መልሱ «አይታይም» ከሆነ፣ መቀሱ ባይታየንም በአቅራቢያው አለ ማለት ነው።